በውልዎ ውስጥ የማስተዋወቂያና የመረጃ ቁሳቁስን እንዴት ይተረጉማሉ?

በደብረ ወርቅ አንድ የጤፍ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። ምርቱን በአዲስ አበባ ላሉ ገዢዎች ለማሳወቅ ፈልጎ ባሕር ዳር ከሚገኝ የኅትመትና የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ሊዋዋል ነው። ድርጅቱ ያመጣው ረቂቅ «ድርጅቱ ለማኅበሩ የማስተዋወቂያና የመረጃ ቁሳቁሶችን ያዘጋጃል» ይላል። የማኅበሩ ሥራ አመራር ዋጋውን ይከራከራል፣ ጥቂት ያስቀንሳል፣ ቀብዱን ከፍሎ ይፈርማል። ከሁለት ወር በኋላ ጠቡ ይነሣል። ማኅበሩ የሬዲዮ ስፖትም የተካተተ መስሎት ነበር። ድርጅቱ ደግሞ በራሪ ወረቀትና ባነር ብቻ ነው ይላል። ማኅበሩ የዲዛይኑን ፋይል ይጠይቃል፤ ድርጅቱ «እኛ የሸጥነው የታተመውን ወረቀት ነው» ብሎ ይመልሳል። ውሉ ሲገለጥ ለሁለቱም የሚሆን መልስ አይገኝበትም።

ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ዓይነቱ ጠብ ግን በየከተማው አለ። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ውል ለሚገጥማችሁ ሁሉ ነው፦ ለማኅበራት፣ ለሆቴልና ለሱቅ ባለቤቶች፣ ለግል ትምህርት ቤቶች፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ለሰበካ ጉባኤያት። ዲዛይን ለሚሠሩና ለሚያትሙ ወጣቶችም ይጠቅማል፤ ግልጽ ትርጓሜ ሠሪውንም ያለ ክፍያ ከሚጨመርበት ሥራ ይጠብቀዋልና። ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የቆመ ነው፦ የትርጓሜው አንቀጽ የውሉ መግቢያ ማሳመሪያ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ግዴታ ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው።

ሕጉም ይህን ያጠነክረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1714 የተዋዋዮቹ ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ ካልታወቀ ውሉ ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል፤ ዳኛም በትርጉም ስም ለተዋዋዮቹ አዲስ ውል ሊፈጥርላቸው አይችልም። በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከእሱ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም አይፈልግም። ሌሎቹ የትርጉም ደንቦች ካልፈቱት ደግሞ በቁጥር 1738 መሠረት ጥርጣሬው የሚተረጎመው ግዴታ ለገባው ወገን በሚረዳ መንገድ ነው። ወደ ምሳሌያችን ስንመልሰው፣ ሊሠራ ግዴታ የገባው የማስታወቂያ ድርጅቱ ስለሆነ ከቃሉ ጉድለት የሚጎዳው ማኅበሩ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን ከእርስዎ ቤት ይጀምሩ

የሌላውን ወገን ረቂቅ ከማየትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙና የሚፈልጉትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፉ። በራሪ ወረቀት፣ ብሮሸር፣ ፖስተር፣ ባነር፣ ቢልቦርድ፣ ስቲከር፣ የከረጢት ላይ ጽሑፍ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የአጠቃቀም መመሪያ፣ ቲሸርትና ኮፍያ፣ የሬዲዮ ስፖት፣ በመኪና ላይ በሞንታርቦ የሚነገር ቅስቀሳ፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የሚለጠፍ ምስል፣ አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ ለማን ነው? ያ ሰው ካየው በኋላ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው? ለምን ያህል ጊዜ ይሠራልኛል?

ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር ይቆርጣል። ለምሳሌ ማኅበሩ የሚሸጠው አዲስ አበባ ላሉ ጅምላ ነጋዴዎች ብቻ ከሆነ በደብረ ወርቅ አደባባይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር ምን ያደርግለታል? ነጋዴው የሚፈልገው በስልኩ የሚያየው የዋጋ ዝርዝርና የጤፉ ናሙና ይሆናል። ዝርዝሩ ሲያልቅ በማኅበሩ ስብሰባ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ኋላ የውሉ አባሪ 1 የሚሆነው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ማስተዋወቂያውን ከመረጃው ይለዩ

ሁለቱን ቃላት ብዙ ውሎች አንድ ላይ አጣብቀው ይጽፏቸዋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ይተርጉሟቸው።

የማስተዋወቂያ ቁሳቁስ ሰውን ወደ ግዢ ወይም ወደ ስሙ ለመሳብ የሚዘጋጅ ነው። «ከጮቄ ግርጌ የመጣ ነጭ ጤፍ» የሚል ፖስተር ማስተዋወቂያ ነው። የመረጃ ቁሳቁስ ደግሞ ሰው አውቆ እንዲወስን ወይም በትክክል እንዲጠቀም እውነታ የሚሰጥ ነው፦ የከረጢቱ ክብደት፣ የምርት ዘመኑ፣ የኩንታሉ ዋጋ፣ የመጋዘን አጠባበቅ፣ የመክፈያ መንገድ።

ልዩነቱ በሁለት ቦታ ዋጋ አለው። አንደኛ፣ በማስተዋወቂያው ላይ የቃል ምርጫና የቀለም ነፃነት ለዲዛይነሩ ሊሰጥ ይችላል፤ በመረጃው ላይ ግን አንድ ቁጥር እንኳን ያለ እርስዎ ፈቃድ መነካት የለበትም። ሁለተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ ተጠያቂው ይለያል። በማስተዋወቂያው ላይ የፊደል ግድፈት ቢኖር ጥፋቱ የአታሚው ሊሆን ይችላል፤ በመረጃው ላይ 50 ኪሎ የሚለው 100 ኪሎ ሆኖ ቢወጣ ግን ጥያቄው ቁጥሩን ማን ሰጠ፣ ማንስ አጸደቀ የሚል ይሆናል።

አንዱ ወረቀት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራቸውን ለዓለም ያስተዋወቁበት «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ጥርት ያለ ማስተዋወቂያ ነው። በአንድ የጉብኝት ብሮሸር ላይ ከመፈክሩ በታች የመንገድ ካርታና የመግቢያ ክፍያ ቢታተም ግን ያ ክፍል መረጃ ነው። ስለዚህ ውልዎ ቅይጡን የሚገዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፦ በአንድ ቁሳቁስ ላይ ሁለቱም ሲገኙ፣ እውነታ የሚናገረው ክፍል በመረጃ ቁሳቁስ ደንብ ይገዛል።

ደረጃ 3፦ የትርጓሜውን አንቀጽ ይጻፉ

በገጠራችን የመሬት ውል ሲጻፍ መሬቱ በምሥራቅ ከማን፣ በምዕራብ ከማን፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን እንደሚዋሰን ሳይነገር አይታለፍም። የቁሳቁስ ትርጓሜም እንዲሁ አዋሳኞቹ ይነገሩ። አራቱ አዋሳኞች እነዚህ ናቸው፦ ዓላማው፣ ዓይነቱ፣ የሚሠራጭበት መንገድ፣ የማይጨምረው ነገር። ለማኅበራችን የሚሆን ናሙና እነሆ፦

*«አንቀጽ 2። ትርጓሜ*

*2.1 “የማስተዋወቂያ ቁሳቁስ” ማለት የማኅበሩን ምርት ሽያጭ ለማስፋፋት ወይም የማኅበሩን ስም፣ አርማና ዓላማ ለማሳወቅ በዚህ ውል መሠረት የሚዘጋጅ፣ በአባሪ 1 ክፍል ሀ የተዘረዘረ የኅትመት፣ የድምፅ፣ የምስል ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ነው።*

*2.2 “የመረጃ ቁሳቁስ” ማለት ስለ ምርቱ ዓይነት፣ መጠን፣ ዋጋ፣ አጠባበቅና አቅርቦት እውነታ ለመስጠት በዚህ ውል መሠረት የሚዘጋጅ፣ በአባሪ 1 ክፍል ለ የተዘረዘረ ሥራ ነው።*

*2.3 አንድ ቁሳቁስ ሁለቱንም ዓላማ ሲይዝ እውነታ የሚገልጸው ክፍል እንደ መረጃ ቁሳቁስ ይቆጠራል።*

*2.4 ከላይ በተመለከቱት ትርጓሜዎች ውስጥ የመጨረሻው ሥራ፣ የሚስተካከለው የዲዛይን ፋይል፣ ለሥራው የተነሡ ፎቶግራፎችና የተቀዱ ድምፆችና ቪዲዮዎች ይጨመራሉ።*

*2.5 የማኅበሩ የውስጥ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ ሰነድና መገናኛ ብዙኃን በራሳቸው ውሳኔ የሚሠሩት ዜና በትርጓሜው አይካተቱም።»*

አሁን ቃላቱን አንድ በአንድ ይመርምሩ። «በዚህ ውል መሠረት የሚዘጋጅ» የሚለው ሐረግ ከውሉ በፊት የነበሩ የማኅበሩ ሥራዎች ወደ ድርጅቱ እጅ እንዳይገቡ፣ የድርጅቱ የቆዩ ሥራዎችም ወደ ማኅበሩ እንዳይሄዱ ይጠብቃል። «በአባሪ 1 የተዘረዘረ» የሚለው ዝርዝሩን ይዘጋል። ንዑስ አንቀጽ 2.4 ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያከራክረውን ነገር፣ የሚስተካከለውን የዲዛይን ፋይል፣ በስሙ ይጠራዋል።

ሁለት ሐረጎች ሲገጥሙዎት ይጠንቀቁ። አንዱ «እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉ» የሚለው ነው። ለሥራ ሰጪው የሚያመች ይመስላል፤ ነገር ግን «የመሳሰሉ» የሚለው ቢልቦርድን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም በሚለው ላይ ሁለት ወገን ሁለት መልስ ይኖረዋል። ሌላው «ማናቸውም ቁሳቁስ» የሚለው ነው። ይህ ቃል በክፍያው በኩል ሲቀመጥ ሠሪውን ይጎዳል፤ በባለቤትነቱ በኩል ሲቀመጥ ደግሞ ዲዛይነሩ ለሌሎች ደንበኞች የሚጠቀምበትን የራሱን መሣሪያ ሁሉ ሊያስወስደው ይችላል። ዝርዝሩ እንዲያድግ ከፈለጉ በሩን በሥርዓት ይክፈቱት፦ «በአባሪ 1 ላይ አዲስ ቁሳቁስ የሚጨመረው ሁለቱ ወገኖች ዓይነቱን፣ ብዛቱንና ዋጋውን በጽሑፍ ተስማምተው ሲፈርሙ ነው»።

ደረጃ 4፦ ትርጓሜዎን ከሕጉ ጋር ያስተያዩ

ውሉ የቁሳቁሱን ስም ስለቀየረ ሕጉ አይቀየርም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያን ሲተረጉም የሚያየው መንገዱንና ዓላማውን ነው፦ በመገናኛ ብዙኃን ወይም ከቤት ውጭ የሚሠራጭ፣ የዕቃን ወይም የአገልግሎትን ሽያጭ ለማስፋፋት፣ ወይም ስምን፣ አርማን፣ የንግድ ምልክትንና ዓላማን ለማስተዋወቅ የሚደረግ። ከቤት ውጭ የሚባለውም ቢልቦርድ ብቻ አይደለም፤ ባነሩ፣ ፖስተሩ፣ በራሪ ወረቀቱ፣ የድምፅ ማጉያውም በውስጡ አሉ። እንግዲህ አንድን በራሪ ወረቀት «የመረጃ ቁሳቁስ» ብለው ቢሰይሙትም ዓላማው ሽያጭ ከሆነ በአዋጁ ፊት ማስታወቂያ ነው፤ የሚያሳስትና ሐሰተኛ ነገር እንዳይኖርበት የተጣለው ክልከላም ይከተለዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

የሚያስተዋውቁት ምርት ራሱ የተገደበ መሆኑንም ያረጋግጡ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም። የመጠጥ አከፋፋይ ሆነው የሬዲዮ ስፖት በአባሪ ቢዘረዝሩ ሕግ የማይፈቅደውን ነገር ተዋውለዋል ማለት ነው።

በሬዲዮ ወይም በጋዜጣ የሚወጣ ነገር ካለ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ማስታወቂያ ከዜናና ከሌላ ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ አለበት። ስለዚህ «ድርጅቱ ስለ ማኅበሩ ዜና ያሠራል» የሚል ግዴታ በውል ውስጥ አያስገቡ። ናሙናው ዜናን ከትርጓሜው ያስወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ነጋዴ የማያስበው ጥያቄ አለ፦ በብሮሸሩ ላይ የታተመው ዋጋ ያስገድደኛል? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝርና ካታሎግ መላክ ወይም በሕዝብ ቦታ መለጠፍ ለውል አቅርቦት እንደማይቆጠር ይናገራል። ማኅበሩ የኩንታሉን ዋጋ ስላሳተመ ብቻ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሁሉ ውል አለኝ ማለት አይችልም። ነገር ግን ቁጥር 1689ን አብረው ያንብቡ፤ አንድን ነገር ለፈጸመ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ በአደባባይ ያስታወቀ ሰው ቃሉ ያስረዋል። «10 ከረጢት ለገዛ አንድ በነፃ» የሚል ፖስተርም ከተራ የዋጋ ዝርዝር ይልቅ ወደ ተስፋ ቃል የሚጠጋ ስለሆነ ያለ ሥራ አመራሩ ፊርማ አይውጣ። በመረጃ ቁሳቁስዎ ላይ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ድረስ የጸና ነው» የሚል መስመር ማስገባትም ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ደረጃ 5፦ የሚያጸድቀውን ሰው በሥራ መደቡ ይጥሩት

«ማኅበሩ ሲያጸድቅ ይታተማል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይበቃም። ማኅበር እጅ የለውም፤ የሚያጸድቀው ሊቀ መንበሩ ነው ወይስ ሥራ አስኪያጁ? እንዲህ ይጻፉት፦ ድርጅቱ ናሙናውን ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል፤ ሥራ አስኪያጁ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀበላል ወይም እርማቱን ዘርዝሮ ይመልሳል፤ ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ተጨማሪ ክፍያ አለው። በቴሌግራም የሚላክ «እሺ» እንደ ጽሑፍ ማጽደቅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውንም ይወስኑ። የሚቆጠር ከሆነ ከየትኛው የስልክ ቁጥር እንደሚላክ በውሉ ይስፈር።

ሥራ አስኪያጁ በቀኑ ካልመለሰስ? ዝምታ ለማስተዋወቂያ ቁሳቁስ እንደ ስምምነት ሊቆጠር ይችላል ብላችሁ ልትስማሙ ትችላላችሁ። ለመረጃ ቁሳቁስ ግን ዝምታ ፈጽሞ ማጽደቅ አይሁን፤ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ ፊርማ ይኑረው። ሁለቱን በደረጃ 2 የለየናቸው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ደረጃ 6፦ ባለቤቱን ይወስኑ

የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን፣ ሥዕልን፣ የድምፅና የምስል ሥራን ይጠብቃል። በአዋጁ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የአዛዡ ነው፤ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ይህን ተማምነው ዝም አይበሉ፤ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የሚለው ቃል ራሱ ተዋዋዮቹ የፈለጉትን እንዲጽፉ በር ይከፍታል። የድርጅቱ ረቂቅ በሦስተኛው ገጽ ላይ መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ሊሆን ይችላልና ይፈልጉት።

ለሁለቱም የሚበጀው ክፍፍል ይህ ነው፦ በአባሪ 1 ያሉት ሥራዎች ከነሚስተካከለው ፋይላቸው ሙሉ ክፍያ በተፈጸመ ቀን ለማኅበሩ ይተላለፋሉ፤ ዲዛይነሩ የሚጠቀምባቸው ፊደሎች፣ ቅጾችና ሶፍትዌሮች የእሱ ሆነው ይቀራሉ፤ የፎቶ አንሺውና የዲዛይነሩ በስማቸው የመጠራት መብት ይከበራል። የፋይሉን ዓይነትና የሚረከቡበትን መንገድ፣ በፍላሽ ይሁን በኢሜይል፣ አብረው ይጻፉ።

በፎቶው ውስጥ ያለው ሰውም መብት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 መሠረት የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይቻልም። ጤፍ የምታበጥር እናት ፎቶዋ በከረጢት ላይ የሚታተም ከሆነ ፈቃዷን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የት የት እንደሚወጣም በቃል ያስረዷት። ማንበብ የማትችል ከሆነች ሕጉ በቁጥር 1728 ያስቀመጠው ጥበቃ አለ፦ ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚያስረው በአዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ፈቃድ የሚያመጣው ማኅበሩ ነው ወይስ ፎቶ አንሺው? ይህም በውሉ ይወሰን።

ደብረ ወርቅን የሚያስተዋውቅ ሁሉ የደብረ ወርቅ ማርያምን ስምና ምስል መጠቀም ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያኗን ሕንፃ፣ ሥዕላትና ንዋያተ ቅድሳት በሚመለከት ከደብሩ አስተዳደርና ከሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ሳይፈቀድ ምንም እንዳይወጣ የሚል ግልጽ መስመር ያስገቡ። ቅዱስ ሥዕልን በጤፍ ከረጢት ላይ ማተም ከክስ በፊት የምእመናንን ልብ ያቆስላል።

ደረጃ 7፦ ስሙንና አርማውን በውሉ ይጠብቁ

ማኅበሩ ለገዢዎቹ «በሱቃችሁ የእኛን ስምና ፖስተር ተጠቀሙ» ብሎ ሲፈቅድ ይህም ራሱን የቻለ ውል ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ትልቅ ልምድ አላት። የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ብዙ ከተከራከረች በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። አገሪቱ ለገዢዎች የሰጠችው ፈቃድ የሮያሊቲ ክፍያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የጠየቀችው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው እንዲታወቅና ቡናው በስሙ እንዲተዋወቅ ነበር። የዚያ ውል ዋናው ጉዳይ ስሙ በገዢው ከረጢትና ማስተዋወቂያ ላይ እንዴት ይቀመጣል የሚለው ነው።

ለአነስተኛ ማኅበርም መንገዱ ይኸው ነው። አርማውን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ያስመዝግቡ። በውሉ ደግሞ አርማው በምን ቀለምና መጠን እንደሚታተም፣ ከሌላ ድርጅት አርማ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ይችል እንደሆነ፣ ስሙ በማኅበሩ ጤፍ ላይ ብቻ እንጂ በሌላ ጤፍ ላይ እንደማይውል ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ብዛትን፣ ቀንንና ሰዓትን በማያሻማ መንገድ ያስቀምጡ

አባሪ 1 ለእያንዳንዱ ቁሳቁስ ብዛቱን፣ መጠኑን በሴንቲ ሜትር፣ የወረቀቱን ዓይነትና ክብደት፣ ቋንቋውን፣ የማስረከቢያ ቦታውንና ዋጋውን ይያዝ። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነ ይጠቀስ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሞጣ በኩል የሚመጣውን ጭነት ማን ይከፍላል? ባነሩ ደብረ ወርቅ ደርሶ ማን ይሰቅለዋል? ቢልቦርድ ካለ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ የሚያወጣውስ ማነው?

ቀንና ሰዓት በእኛ አገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ ለጋሽ ጋር ከተዋዋሉ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ፤ ካልተቻለ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሬዲዮ ስፖት ከሆነ «ጧት 1 ሰዓት» በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፤ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ለስንት ሰከንድ እንደሚተላለፍ፣ መተላለፉም በምን ማስረጃ እንደሚረጋገጥ ይጨመር። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ልዩነት ሲገኝ የትኛው እንደሚጸና ይወሰን። ከገዢዎች ስልክ ቁጥር ተሰብስቦ የሚላክ መልእክት ካለም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንደሚመለከትዎ ይወቁ።

ደረጃ 9፦ ውሉ ሲያልቅ ቁሳቁሱ ምን ይሆናል?

ብዙ ውል ስለ መጀመሪያው ቀን ሲያወራ መጨረሻውን ይረሳል። የተረፉት ፖስተሮች ይመለሳሉ ወይስ ይወገዳሉ? ከቴሌግራምና ከፌስቡክ ላይ የተለጠፉት በስንት ቀን ይወርዳሉ? የገጹን ይለፍ ቃል ማን ይረከባል? ማተሚያ ቤቱ ተሽጦ ወይም ተዘግቶ ሌላ ሰው ቢይዘው ግዴታው አብሮ ይሄዳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለጤፍ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት የጤፍን የዘር ሀብት በሚመለከት ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ ከሽያጩ ጥቅም እንድትካፈል ታስቦ ነበር። ኩባንያው በጤፍ ዱቄትና በውጤቶቹ ላይ የአውሮፓ ፓተንት ያዘ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲከስር ፓተንቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተላልፎ ኢትዮጵያ ሌላኛው ተዋዋይ የሌለበትን ውል ይዛ ቀረች። የኔዘርላንዱ ፓተንት ዋጋ ያጣው በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሄግ በዋለ ችሎት፣ በሌሎች ኩባንያዎች ክርክር ነው። ያ ውል ከእርስዎ የበራሪ ወረቀት ውል እጅግ የከበደ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። መብቱ ወደ ማን ሊተላለፍ እንደሚችል፣ የተቀበለውም ሰው በግዴታው እንደሚታሰር፣ ተዋዋዩ ቢከስር ፋይሉና ስሙ ወዲያው ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ።

ደረጃ 10፦ ሳይፈርሙ አንድ ጊዜ ይፈትኑት

ረቂቁን ዘርግተው «የማስተዋወቂያ ቁሳቁስ» ወይም «የመረጃ ቁሳቁስ» የሚለው ቃል በተገኘበት ሁሉ ያስምሩ። ከዚያ በቃሉ ቦታ አንድ ተጨባጭ ነገር፣ ለምሳሌ የሬዲዮውን ስፖት፣ ተክተው ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡ። «ድርጅቱ የሬዲዮውን ስፖት በ15 ቀን ውስጥ በማኅበሩ መጋዘን ያስረክባል» የሚል ከሆነ አንቀጹ የተጻፈው ለወረቀት ብቻ ስለሆነ ይስተካከል። በአባሪው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በዚህ መንገድ ያሳልፉት። ከትርጓሜው ውስጥ በየትኛውም አንቀጽ ግዴታ የማይከተለው ቃል ካገኙ ያውጡት፤ ግዴታ የተጣለበት ግን ያልተተረጎመ ነገር ካገኙ ያስገቡት።

ፊርማው ላይ ሲደርሱ እነዚህን ይፈጽሙ፦

- አባሪ 1ና የጸደቁት ናሙናዎች የውሉ አካል መሆናቸው በውሉ ውስጥ ይጠቀስ።
- ሁለቱ ወገኖች በእያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ አባሪውን ጨምሮ፣ ይፈርሙ፤ ማኅተም ያላቸው ማኅተም ያኑሩ።
- በቁጥር 1727 መሠረት ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ።
- ፈራሚው ድርጅቱን ወይም ማኅበሩን ወክሎ ለመፈረም ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ የውክልና ወይም የቃለ ጉባኤ ቅጂ ይያያዝ።
- መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ በቁጥር 1724 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ይመዝገብ፤ የግዢ ሥርዓታችሁም ይጠበቅ።
- ቀሪ ክፍያው ከርክክብ ሰነድ ጋር ይታሰር፤ ሰነዱም የአባሪ 1ን ተራ ቁጥር ይከተል።
- ገንዘቡ ከበድ ያለ ወይም ውሉ ለዓመታት የሚቆይ ከሆነ ለሕግ ባለሙያ ያሳዩት።

ይህ ሁሉ ለአንድ ባነርና ለጥቂት በራሪ ወረቀት የበዛ ሊመስልዎ ይችላል። ለትንሽ ሥራ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ዓላማው፣ ዓይነቱ፣ መንገዱና የማይጨምረው ነገር በአራት መስመር ያልቃል። አባላቱ ካዋጡት ገንዘብ የወጣ ብር ለምን እንደዋለ በጠቅላላ ጉባኤ ሲጠየቅ ሥራ አመራሩ ገልጦ የሚያሳየው እነዚያን መስመሮች ነው። በመሳቢያዎ ውስጥ እየሠራ ያለ ውል ካለም ዛሬ አውጥተው የትርጓሜውን አንቀጽ ያንብቡ። የጎደለ ነገር ካገኙ ሥራው በሰላም እየሄደ ሳለ ሌላውን ወገን ጠርተው የማሻሻያ ውል ይፈራረሙ።